‹‹ማን ነገረህ?›› የዘፋኞችን ድብቅ ታሪክ ከባሕር ዳር ሆኖ ማጣራት

ነገሩ የተጀመረው በዓሣ ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብለን፣ ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን አንድ አሮጌ ካሴት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሽፋኑ ጥግ ላይ በትንንሹ ‹‹1984›› ተጽፏል። ‹‹በፈረንጅ ነው፤ በእኛ 76 መሆኑ ነው›› አልኩ። ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ‹‹የምን ፈረንጅ! የአማርኛ ካሴት በፈረንጅ አቆጣጠር?›› ተወራረድን። የተሸነፈ የሁለት ሰው ዓሣ ጥብስ ይከፍላል።

ስልካችንን አውጥተን ፈለግን። የዘፋኙን ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አገኘነው። ዓመቱም እንደየጸሐፊው ይለያያል። አንዱማ ሰውዬውን ገድሎታል፤ ሰውዬው ግን በሕይወት አለ። ውርርዱን ለመፍታት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ማን እንዳሸነፈ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። የዘፋኙን ስም ግን አልጠራም። የያዝኩት ማስረጃ ለዓሣ እንጂ ለአደባባይ ገና አልደረሰም።

እዚህ የማስቀምጠው በእነዚያ ሦስት ሳምንታትና ከዚያ በፊት በነበሩ ብዙ ትንንሽ ጭቅጭቆች የተማርኩትን ነው። ዘፋኟ የት ተወለደች፣ ያንን ሳክስፎን ማን ነፋው፣ የመድረክ ስሙ ከየት መጣ የሚል ነገር እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው ይሆናል። መሣሪያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ትንሽ ዳታ፣ ከተገኘም የሚሠራ ቴፕ። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ጥያቄ ያዙ፦ ‹‹ማን ነገረህ?›› ለሰውም፣ ለድረ ገጽም፣ ለራሳችሁም ትሆናለች።

1. ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉት

‹‹ስለ እገሌ ማወቅ እፈልጋለሁ›› ጥያቄ አይባልም። ምኞት ነው። ‹‹ጂጂ የት ተወለደች?›› ጥያቄ ነው፤ ግን ቻግኒ መሆኑን እዚህ ከተማ የባጃጅ ሾፌሩም ይነግራችኋል። ‹‹እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ በወጣው አልበም ላይ ሳክስፎን የነፉት እነማን ናቸው?›› ስትሉ ግን ሥራው ይጀመራል። መልሱ ከሲዲው ጋር የምትመጣው ትንሽ ደብተር ላይ ነው። ከነፉት መካከል ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስ አሉ። ሄርቢ ሃንኮክም ኪቦርድ ላይ አለበት። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። የዓለም የጃዝ ቁንጮዎች ከቻግኒ ልጅ ጋር ተጫውተዋል፤ ያንኑ አልበም በስልኩ የሚሰማ ሰው ግን የሚያየው ምስሏንና የዘፈኑን ርዕስ ብቻ ነው።

ጥሩ ጥያቄ መልሱ የት ወረቀት ላይ ሊገኝ እንደሚችል ራሱ ይጠቁማል። ካልጠቆማችሁ አጥብቡት።

2. ስሙን በሁሉም መልኩ ጻፉ

አንድ ሙሉ ገጽ ለስም ብቻ ተዉ። ከአማርኛው ጀምሩ። ‹‹ኃይሉ›› የሚለው ስም ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ ሃይሉ ተብሎ ይጻፋል። ስታነቡት አንድ ነው፤ ለመፈለጊያው ሳጥን ግን አራት የተለያየ ሰው ነው። ፀሐይና ጸሐይ፣ ዓለማየሁና አለማየሁ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንደዚሁ ናቸው። ሁሉንም እየቀያየራችሁ ሞክሩ። አንዴ በ‹‹ጸ›› ስፈልግ ምንም ያጣሁለትን ሰው በ‹‹ፀ›› ስጽፈው ሙሉ የሬዲዮ ቃለ ምልልስ ወጣልኝ።

በላቲን ፊደል ደግሞ ይብሳል። ‹‹ኢትዮፒክስ›› የሚባለው የሲዲ ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመ ነው። ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን ስሞች በፈረንሳይኛ ዓይን ነው የጻፋቸው። ስለዚህ እዚያ ላይ ‹‹ጥላሁን›› የሚጻፍበት ፊደልና የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የሚጽፍበት ፊደል አይገጥሙም። ሁለቱንም ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።

የአባት ስም ጣጣ አለ። ፈረንጅ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ማሕሙድ አሕመድ በብዙ የውጭ ዝርዝር ውስጥ የተቀመጠው ‹‹አሕመድ›› በሚለው ሥር ነው። ‹‹አሕመድ በዚያ ምሽት ድንቅ ነበር›› የሚል ግምገማ ሳነብ አባታቸው መድረክ ላይ የወጡ ይመስለኛል። ብቻ እዚያም ፈልጉ። በተቃራኒው ደግሞ የስምና የአባት ስም መግጠም አንድ ሰው መሆንን አያረጋግጥም። እኛ አገር አንድ ስምና አንድ የአባት ስም ያላቸው ሁለት ድምፃውያን መኖራቸው ብርቅ አይደለም። የአያት ስም ካላገኛችሁ ‹‹ይህ ያ ነው›› አትበሉ።

የመድረክ ስም ሲሆን ከባለቤቱ አንደበት ጀምሩ፤ ግን እዚያ አትቁሙ። የቶሮንቶውን የኢትዮጵያውያን ልጅ አቤል ተስፋዬን፣ ዘ ዊኬንድን እንይ። በ17 ዓመቱ ግድም ትምህርቱን ትቶ፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ከቤት ወጥቶ አለመመለሱን፣ ስሙም ከዚያ መምጣቱን ራሱ ተናግሯል። ከስሙ አንዲት ፊደል የጎደለችው ደግሞ በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ የካናዳ ባንድ ስለነበረ ነው። በጀማሪነቱ አብሮት የሠራ ፕሮዲውሰር ግን ‹‹ስሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ›› ብሏል። ማን ልክ ነው? እዚያ አልነበርኩም፤ እናንተም አልነበራችሁም። ሁለቱንም ከነተናጋሪያቸው ጻፉ። ስለ ባንዱ የተባለው ግን የተለየ ነው። የዚያ ባንድ መኖር ባንዱ ባወጣው ሥራ ስለሚረጋገጥ የማንም ቃል አያስፈልገውም።

3. ዘመኑን አስተካክሉ

ከሚያጋጥመኝ ስህተት ብዙው የሚወለደው እዚህ ነው።

ሁላችንም ‹‹8 ቀንስ›› እንላለን። ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ልክ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግን ልዩነቱ 7 ነው። ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1940 ነው ይላል መዝገቡ። በእኛ መስከረም 17 ቀን 1933፣ የመስቀል ዕለት። ዝም ብሎ 8 የቀነሰ ሰው 1932 ብሎ ይጽፋል። አቤል ተስፋዬ ደግሞ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1990 ነው የተወለደው፤ የካቲት 9 ቀን 1982። እዚህ 8 ልክ ነው። ያችን የአንድ ዓመት ልዩነት ባያችሁ ቁጥር ‹‹ይህ የመስከረም ልጅ ይሆን?›› ብላችሁ ጠርጥሩ። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስታዩ ደግሞ አንዱ ሰው ሳይቀይር እንደገለበጠ እወቁ። 15 ወይም 16 ዓመት ከሆነ ሁለት ጊዜ ቀይረውታል ማለት ነው። እኔ አይቻለሁ።

የቆዩ ድምፃውያን የልደት ቀን ብዙ ጊዜ በወረቀት አይገኝም። ቤተሰብ የሚያስታውሰው ክርስትናውን ነው። ‹‹ክርስትና የተነሣው በጥምቀት ማግስት ነው›› ከተባላችሁ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ‹‹በረመዳን›› ወይም ‹‹በአረፋ›› ይሏችኋል። ያም በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ ዓመቱን ለመለየት ያግዛል።

ተንቀሳቃሽ በዓል ለአጣሪ ሀብት ነው። ጥላሁን ያረፈው የፋሲካ ዕለት ነው ይባላል። ጽሑፉ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 2009 ይላል። ይገጥማሉ? ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የበዓላት ቀመር፣ የሚያውቅ የቆሎ ተማሪ ወይም መሪጌታ በዙሪያችን አይጠፋም፤ ግን ራሳችሁም ትችላላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲደመር የእኛው 2001፣ 7501። ለ19 ሲካፈል 15 ይተርፋል። አንድ ለዘመን ይቀነሳል፤ ወንበሩ 14 ነው። 14 በ19 ሲባዛ 266፤ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 26 መጥቅዕ ይባላል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ የሚውለው በመስከረም ነው። በ2001 መስከረም 26 ሰኞ ነበር። የሰኞ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 6። 26 ሲደመር 6፣ 32፤ 30 ሲነሣለት 2። ጾመ ነነዌ የካቲት 2 ገባች። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 2 ሲደመር 9፣ 11። ፋሲካ ሚያዝያ 11። ኤፕሪል 19 በእኛ ስንት ነው? ሚያዝያ 11። ገጠመ።

ሌላው መለኪያ የቃላት ዘመን ነው። አንድ ጽሑፍ ‹‹ጎጃም ጠቅላይ ግዛት›› ካለ ከንጉሡ ዘመን የተቀዳ ነው። ‹‹ክፍለ ሀገር›› ካለ ከደርግ። ‹‹ክልል 3›› ካለ ደግሞ ከሽግግሩ ዓመታት ነው፤ ክልሎች በቁጥር መጠራት የጀመሩት በ1984 ነውና። ይቺን ‹‹ክልል 3›› አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

4. ዕቃውን በእጃችሁ ያዙት

ካሴት ርካሽ ምስክር ነው። ሸክላ ደግሞ ውድ ምስክር።

ካሴቱን ከመያዣው አውጡና የሽፋኑን ወረቀት ሙሉ በሙሉ ግለጡት። ሰው ፊት ለፊት ያለውን ፎቶ ብቻ አይቶ ይመልሰዋል፤ ወርቁ ግን እጥፋቱ ውስጥ ነው። ግጥምና ዜማ የማን ነው? ያቀናበረው ማን ነው? አጃቢው ባንድ? አሳታሚና አከፋፋዩ ሙዚቃ ቤት? ስልክ ቁጥር አለ? ስልኩ ትልቅ ነገር ነው። በፊት የአዲስ አበባ ቁጥር 6 አሃዝ ነበር፤ በ1998 መጀመሪያ ግድም ነው የተቀየረው። የባሕር ዳርም መነሻ 08 የነበረው 058 ሆነ። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ 058 ካያችሁ፣ ‹‹የ80ዎቹ ኦሪጅናል ነው›› ብሎ የሚያስወድድባችሁን ነጋዴ በትሕትና ፈገግ በሉለት።

ፎቶ አንሡ፤ ሁሉንም ጎን፣ ካሴቱ ላይ የተለጠፈውንም ወረቀት። ከዚያ አጫውቱት። ክሩ ከላላ የድሮው መላ ይሠራል፤ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ከትታችሁ አጠንክሩት። እስከ መጨረሻው ስሙ። አንዳንዴ ዘፋኙ በዘፈኑ መሐል የተጫዋቾቹን ስም ይጠራል፤ ያ ከታተመው የበለጠ ሊታመን ይችላል።

የእኔ የውርርድ ካሴት ሽፋን ላይ የታተመ አድራሻ አልነበረም። ከጀርባው ግን የአንድ ሱቅ ማኅተም አለ። ደብዝዟል። መስኮት ላይ አድርጌ ብርሃን ሳሳልፍበት ‹‹ባሕር ዳር›› የሚለው ታየ። ከሥሩ ‹‹ክልል 3››። ሆዴ ቦጭ አለ። በደርግ ዘመን ክልል 3 የሚባል ነገር አልነበረም። በኋላ ግን ተጽናናሁ፤ ማኅተሙ የሸጠው ሱቅ ነው እንጂ ያሳተመው አይደለም። በ76 የታተመ ካሴት በ85 ሊሸጥ ይችላል። ማኅተም የሚነግራችሁ ዕቃው መቼ ሱቁ እንደነበረ ነው።

ሸክላ ካገኛችሁ ከመሐሉ ወረቀትና ከመጨረሻው መስመር መካከል ያለውን ባዶ ቀለበት በብርሃን አዘንብላችሁ እዩ። የተጫረ ቁጥር አለ። የሕትመት ቁጥሩ እሱ ነው፤ ወረቀቱ ቢቀደድም እሱ አይጠፋም። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሐ ሬከርድስ የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት፣ ‹‹ኤ.ኢ.››ን በላቲን እያስቀደመ ሸክላዎቹን ቆጥሯቸዋል። ሌላው አሳታሚ ካይፋ ሬከርድስ ‹‹ኬ.ኤፍ.›› ይላል። አንድ ቁጥር መቼ እንደወጣ ካወቃችሁ የጎረቤቱን ቁጥር ዘመን በግምት ታገኛላችሁ። ግምት መሆኑን ግን ጻፉ።

‹‹የመጀመሪያው የተቀዳ የኢትዮጵያ ዘፈን›› የሚል ክርክር ከተነሣ ደግሞ ብዙ አትድከሙ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ገና በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ውስጥ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀድተዋል። ከ1950ዎቹ የሚጀምር ታሪክ ሁሉ ዘግይቷል።

ከካሴት ሁሉ እኛን ባሕር ዳሮችን የሚያኮራም የሚያሳፍርም አንድ አለ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን፣ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ እዚህ አገር ተሸጠ። ከዚያ ተረሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ እዚሁ ባሕር ዳር አገኘው። ያደረገውን ልብ በሉ። ስለ ዘመኑ ሲፈላሰፍ አልዋለም። የሰውየውን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ስልኩን አገኘና ደወለ። ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመዳል። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ያንን ካሴት ከእኛ መካከል ስንቱ እያየ አልፎታል።

5. ኔት ላይ ጭራውን ተከተሉ

እዚህ ፈጠን ልበል፤ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። ውክፔዲያን እንደ መልስ ሳይሆን እንደ መንገድ ጠቋሚ ተጠቀሙበት። የገጹን ‹‹ታሪክ›› ክፈቱና ያቺ ዓመት መቼ፣ በማን እንደገባች እዩ። ብዙ ጊዜ ምንም ምንጭ ሳይጠቅስ አንድ ሰው ሌሊት ላይ የጨመራት ናት። የጠፋ ድረ ገጽ ካለ የቆዩ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን ለጥፉ። ዲስኮግስ የሚባለው የሙዚቃ ሕትመቶች መዝገብ ላይ የተተየበውን ሳይሆን የተለጠፈውን የሸክላ ፎቶ እመኑ። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው የተጫነበት ቀን የዘፈኑ ቀን አይደለም። አስተያየቶቹን ግን እስከ ታች ውረዱባቸው፤ ‹‹ክላርኔቱን የሚነፋው አጎቴ ነው›› የሚል ሰው ከመቶ ‹‹ትዝታዬን ቀሰቀሰው›› መሐል ተቀብሮ ይገኛል።

አንድ ዘዴ ግን ላብራራ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቦታ ካገኛችሁ ሙሉውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉት። ስለ አስቴር አወቀ በእንግሊዝኛ የተጻፉ አንዳንድ የሕይወት ታሪኮች የተወለደችበትን ጎንደርን ‹‹በጣና ሐይቅ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ›› ይሏታል። ጎንደሬ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አስቡት። የፋሲል ከተማ ትንሽ! እኛም ጣናን በር ላይ ያደረግን ሰዎች ‹‹አጠገብ›› ለሚለው ትንሽ ቅር ይለናል። ግን ስህተቱ ይጠቅማል። ያንኑ ሐረግ የያዙ አምስት ገጾች አምስት ምስክር አይደሉም። አንድ ሰው ጻፈው፣ አራቱ ገለበጡት። ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ ያለውን የልደት ዓመትም እንደ አንድ ድምፅ ብቻ ቁጠሩት።

ያገኛችሁትን ሁሉ ወዲያው ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ኔት የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም።

6. ሰውን ጠይቁ፤ ግን ዓመት አትጠይቁ

ወረቀት የሌለው ነገር ሰው ጋ አለ። በደርግ ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ነበር። በዚያ ያለፉ ተጫዋቾች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። በቀጥታ በር አታንኳኩ፤ የሚያውቃቸው ሰው ያስተዋውቃችሁ። ስኳርና ቡና ይዞ መሄድ ነውር የለውም። ካሴቱን ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃ ሲያዩ ትዝታው ይመጣል።

አዝማሪ ቤት ግን ማስረጃ ፍለጋ አትሂዱ። ለመዝናናት ሂዱ። ሃምሳ ብር ግንባሩ ላይ ከለጠፋችሁለት ማሲንቆው የፈለጋችሁትን ያረጋግጥላችኋል፤ ያውም በቅኔ።

እኔ ያገኘኋቸው ጋሼ የኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ካሴቱን ሲያዩ መነጽራቸውን አደረጉ።

‹‹ጋሼ፣ ይህን ያስታውሱታል?››

‹‹እንዴት አላስታውሰውም! ኦርጋኑ የእኔ ጣት አይደል።››

‹‹መቼ ነበር የተቀዳው?››

‹‹እንጃ ልጄ... 82 ይሁን 83... 80ም ይሆናል።››

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዓመቱን አጥብቆ ሲይዛቸው ደስ ለማሰኘት አንዱን ይመርጣሉ። የሰው ትዝታ በዓመት አይደረደርም፤ በሁኔታ ነው። ሰዓት እላፊ ነበር? ብሩ ላይ የንጉሡ ምስል ነበር ወይስ ተቀይሮ ነበር? ልጅዎ ተወልዶ ነበር? ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ።

‹‹ለመቅዳት አዲስ አበባ የሄዱት በምን ነበር?››

‹‹በአውቶቡስ ነዋ። ሁለት ቀን ፈጀብን።››

‹‹ምነው?››

‹‹ኬላው! በየቦታው ፍተሻ። ኦርጋኑን አስወርደው ፈተሹት። ‹ምንድን ነው ይሄ?› ይለኛል አንዱ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ በቁምጣ። ‹አጫውተው› አለኝ። መብራት የለ፣ በምን ላጫውተው!››

ጎፈሬና ቁምጣ። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ኬላውን የያዘው የኢሕአዴግ ታጋይ ከሆነ ጊዜው ከግንቦት 1983 በኋላ ነው። 1976 ሊሆን አይችልም። ዓሣው ከኪሴ ሲወጣ ታየኝ። ጋሼ ግን ‹‹84›› የሚለውን ቁጥር አንዴም አልጠሩትም፤ ጥሩ ምስክርነት የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

ስትጠይቁ መልሱን አትንገሯቸው። ‹‹በ84 ነው አይደል?›› ካላችሁ ‹‹አዎ›› ይላሉ። የምትቀዱ ከሆነ አስፈቅዱ። ሲደክማቸው ተነሡ፤ ሌላ ቀን አለ።

ይህም ይነገር፦ ሕመም፣ ትዳር፣ የልጅ አባት የማን ነው የሚል ነገር ካነሡላችሁ ደብተሩን ዝጉ። ሥራውን ነው የምናጣራው። የቀረው ሐሜት ነው።

7. ጋዜጣ ለመጨረሻ

አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ጀምሮ አለ። የቆዩ እትሞችን ለማየት ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ትሄዳላችሁ። ከመንገዱ በፊት ግን እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ዓመት ሙሉ እንገልጣለን ብላችሁ አትሂዱ፤ ከላይ ባሉት ደረጃዎች ወደ ሁለት ወር አጥብቡት። ጽሑፎቹን ሳይሆን ማስታወቂያዎቹን እዩ። የበዓል ዋዜማ ዝግጅት፣ የቲያትር ቤት ፕሮግራም፣ ‹‹አዲስ ካሴት ወጣ›› የሚል ጥግ ላይ ያለች ሳጥን። ማስታወቂያ ቀን አይሳሳትም፤ ገንዘብ ተከፍሎበታል።

የድሮዎቹ ዘፋኞች ብዙዎቹ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ወይም የምድር ጦር ሙዚቀኞች እንደነበሩም አትርሱ። ማሕሙድም ጥላሁንም በክብር ዘበኛ አልፈዋል። የመንግሥት ተቀጣሪ ማኅደር አለው፤ የቤተሰቡ ሰው የቅጥር ወይም የጡረታ ወረቀት ይዞ ሊሆን ይችላል።

8. ደብተሩ

ለእያንዳንዱ ነገር ሦስት ቃል እጠቀማለሁ፦ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የገመትኩት። ማኅተሙን አየሁ። ኬላውን ሰማሁ። ዓመቱን ገመትኩ። ከጎኑ የተናገረው ሰውና የተነገረበት ቀን ይጻፋል። ለሌላ ሰው ስታስተላልፉም ከነቃሉ አስተላልፉ፤ ‹‹ሰማሁ›› ያላችሁት በሦስተኛው ሰው አፍ ‹‹ታየ›› እንዳይሆን።

ዓሣውን ከፈልኩ። ጓደኛዬ እየበላ፣ ካሴቱን እንደገና አንሥቶ የሽፋኑን እጥፋት ገለጠ። ‹‹ኦርጋኑን የተጫወቱት ጋሼ ናቸው አልከኝ?››

‹‹አዎ።››

‹‹ማን ነገረህ?››

‹‹ራሳቸው ናቸዋ!››

ጣቱን ወረቀቱ ላይ አኖረ። ‹‹ኦርጋን›› ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የታተመው የሌላ ሰው ስም ነው።